ግራዝማችን ስንጠብቅ

ትናንት ከሰዓት ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ስለነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የሚያወራ ሽማግሌ ሲያፈላልጉ ሰው እኔን ጠቆማቸው። ገና አረፍ ሳይሉ፣ "ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?" እያሉ ሲንሰፈሰፉልኝ ሳቄ መጣ። ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ! በነሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ የተንሰፈሰፍኩላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ከዳንኤል ጋር ክረምቱን ለጥናት ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሰቆጣ ዘለቅን፤ ከኮረም ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር፣ ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን። የምናጠናው ከጣሊያን በፊት ሁለት ወንድማማች ባላባቶች በሹመት ተጣልተው ዘመድ ከዘመድ ያዋጉበትን ጦርነት ነበር። የሞቱትን ማንም አልጻፋቸውም። ማን የት እንደወደቀ፣ በማን እጅ እንደወደቀ ያለው በአገሩ አልቃሽ በእማ ጥሩ ሙሾ ውስጥ ብቻ ነው ይባላል።

ቴፓችንን ደቅነን "እባክዎ ያሰሙን" ስንላቸው እማ ጥሩ ተቆጡ።

"ሬሳ በሌለበት ሙሾ? ሞት መጥራት አይደል እንዴ! ኧረ ወግዱ!"

ቆይተው ግን ለስለስ አሉ። "ከዚያ ጦር የተረፉት ግራዝማች ካሳ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ኑ፤ ያኔ ሁሉንም አወጣዋለሁ።"

ግራዝማችንማ ቀድመን ጠይቀናቸው ነበር። ሁለቱ ወገኖች ሲታረቁ የሟች ስም ላያነሱ ምለዋልና ትንፍሽ አይሉም። ደግሞም ታመው አልጋ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣን። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ይከፈታል፤ ያለ ሙሾው ጥናታችን ባዶ ነው። በየማለዳው ማርና ስኳር ይዘን ግራዝማች ቤት እንወጣለን። "እንዴት አደሩ? ምግብስ ይወርድልዎታል?" ሰዉ "እንዴት ያሉ የተባረኩ ልጆች!" ይለናል። ሲብስባቸው ዳንኤል የቴፑን ባትሪ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ሲሻላቸው እኔና እሱ ያለ ምክንያት እንኮራረፋለን።

ፍልሰታ ነበርና በየቀኑ ከሰዓት ጾም መፍቻው ላይ እማ ጥሩ ቤት ጎራ እንላለን። የሱፍ ፍትፍትና የሽምብራ ቆሎ ያቀርቡልናል። ግራዝማች ዛሬም ደህና መሆናቸውን በረጅሙ ተንፍሰን ስንነግራቸው ይስቁብናል።

"አይ እናንተ! ሰውየው ቶሎ ይሙቱልን ነው የምትሉ?" ብለው ይስቁና፣ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጥባቸዋል። እኛ ቆሏችንን እንቆረጥማለን።

አንድ ማለዳ ዋይታ ሰማን። ዳንኤል ጫማውን ሳያጠልቅ ቴፑን አነሳ። እየተንሸራተትን ወደ ግራዝማች ቤት ሮጥን። ግራዝማች ከዘራቸውን ይዘው በራፋቸው ላይ ቆመዋል።

"ማን ነው የሞተ?" አልኩ።

"ጥሩ ናት" አሉ።

ቀብሩ ላይ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ፤ ሙሾ የሚያወርድላቸው ግን ጠፋ። አገሩን ሁሉ ያስለቀሱት ሴትዮ ያለ አንዲት ግጥም ሄዱ። እኔም ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ለሳቸው ይሁን ለጥናቱ ዛሬም አላውቅም። ያን ሁሉ ቀን ከእጃቸው እየበላን አንዴ እንኳ "ሳሉ እንዴት ነው?" አላልናቸውም። ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኛ ቀረቡ።

"እኔን ስትጠብቁ እሷ አመለጠቻችሁ" አሉን። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ትናንት ወጣቶቹ የስልካቸውን መቅጃ ከፍተው ፊቴ ደቀኑልኝ። በጦርነቱ ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ የማወራው የሰማሁትን ነው። ወንድሞቿን አንዱን በዚህ ወገን፣ አንዱን በዚያ ወገን ያጣችው በር የከፈተችላቸው ባለቤቴ አበበች ናት። ማንም ጤናዋን አልጠየቃትም። ወሬዬን ጀመርኩና ጓዳ ስታስል ሰማኋት። ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ስልኩን አንሱት" አልኳቸው። "ወንበራችሁን ይዛችሁ ጓዳ ግቡ። የኔ ይደርሳል።"