የደብሪቱ ተከራዮች

ያኔ ዳንግላ ውስጥ ቤቱን ለተማሪ የሚያከራይ ሰው አይገኝም ነበር። ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ተማሪ የሚባል ፍጡር ያስፈራን ስለነበር ነው። ቁንጫ ያመጣል፣ እሳት ሳያጠፋ ወጥቶ የሳር ክዳኑን ያነዳል፣ የጎረቤት ልጃገረድ ያባልጋል እንል ነበር። ይህን ከሚሉት አንዷ እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው ተማሪ አከራይቶ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አንድም አላውቅም፤ ያኔ ግን አፌን ሞልቼ ነበር የምናገረው።

ደብሪቱ የአጥር ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ እሱ ሲሞት ቆዳ የሚያከማችበት ክፍል ባዶውን ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። መጀመሪያ ታደርጋለች፣ ቀጥላ ትናደዳለች፣ የምታስበው ከዚያ በኋላ ነው። በ1954 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከዘንገና አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ ሁለት ወንዶች ልጆቹን አስከትሎ፣ ዝናብ እየደበደበው፣ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። እኔም ጋ መጥቶ ነበር። «ክፍል የለም» አልኩት፤ ባዶው ክፍል ግን ከኋላዬ ይታይ ነበር። ደብሪቱ ልጆቹን ገና ስታያቸው፣ «ግቡ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ? ዝናቡን ልትጠጡት ነው?» ብላ አስገባቻቸው። በማግስቱ በአጥሩ በኩል ጠርታኝ፣ «ምን ነክቶኝ ነው ግቡ ያልኩት?» እያለች ራሷን ትረግም ጀመር።

ልጆቹ ዓለምነውና ውቤ ይባላሉ። ወንድማማቾች ቢሆኑም ትምህርት የጀመሩት በአንድ ዓመት ስለነበር ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ደብሪቱ ሕግ አወጣችላቸው፤ እሳት ሳይጠፋ ከቤት መውጣት የለም፣ ጅብ ሳይወጣ መግባት ነው፣ ቆዳው ትቶት የሄደውን ሽታ ማማትም ክልክል ነው። በየወሩ በእግራቸው አገር ቤት ይወርዱና በሶና ድንች ተሸክመው ይመለሳሉ። ከድንቹ ለእሷም ያካፍሏታል። «ድንቻቸው ውሃ ውሃ ይላል» ትለኛለች፤ ግን አንድም አታስተርፍም።

ነገሩ የተበላሸው በሚያዝያ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ስለደረሰ ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ እየተነሱ ማነብነብ ያዙ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን! ኢት፣ ኤት፣ ኢትን! ካም፣ ኬም፣ ካም!» አማርኛ አይደለም። አገውኛ እንዳይባል አገውኛ ሁላችንም እንሰማለን፤ እሱም አይደለም። ሦስት ሦስት እያደረጉ የማይታወቅ ስም ይጠራሉ። ሲጠሩም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። መወዛወዛቸውን በአጥር ቀዳዳ ያየሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደነገርኩም አልክድም፤ ለማናለብሽ ነው።

ወይዘሮ ማናለብሽ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ ነበረች፤ ማኅበሩን የምትመራው እሷ ናት። «አስማት ነው» አለች ወዲያው። «ደብተራ እንኳ ተደብቆ ይደግማል፤ እነዚህ ጭራሽ ይጮኹበታል!» በዚያው ሰሞን የእኔ ላም ነጠፈች። ላሚቱ ከብዳ ነበር፤ የከበደች ላም ወተቷ እንደሚደርቅም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ወሬው ጣፍጦኝ ላሜንም ጨመርኩበት።

የግንቦት ሃያ አንድ ማርያም ተረኛ ደብሪቱ ነበረች። ጠላዋን ጠምቃ፣ የዳቦ እህሏን አስፈጭታ ሳለ ማናለብሽ ሄዳ ቁርጡን ነገረቻት። «አስማት ከሚደገምበት ቤት ጽዋ አንጠጣም። ወይ ልጆቹ ይውጡ፣ ወይ አንቺ ከማኅበሩ ትወጫለሽ።» ለብቻዋ ለምትኖር ሴት ማኅበር ምን ማለት እንደሆነ ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ስትታመሚ ደጅሽን የሚያንኳኳ፣ ስትሞቺ የሚያለቅስልሽ እሱ ነው። ፈተናው ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጆቹ ከዚያ ቤት ቢወጡ በዳንግላ የሚያስገባቸው የለም፤ ትምህርታቸውን ጥለው ወደ እርሻቸው መመለስ ነው።

ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጮኸች፣ ማናለብሽንም እስኪበቃት ሰደበቻት። ስትጨርስ ግን ድምጿ ወረደ። «ምን እንደሚሉ እኮ እኔም አላውቅም» አለችኝ። «ስጠይቃቸው ‹እንግሊዝኛ ነው እማማ› ይሉኛል። እንግሊዝኛና አስማት በምን ይለያል? ሁለቱንም አልሰማ!» በመጨረሻ፣ አስማት የሚለይ ሰው ሰምቶ ይፍረድ ተባለና መሪጌታ አዝመራው ተለመኑ። በቅኔ ያረጁ፣ ደጋሚ ካለ ከሩቅ ይለዩታል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

በዋዜማው፣ ግንቦት ሃያ፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ ከልጆቹ ግድግዳ ሥር ተሰበሰብን። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ማናለብሽ ጠበል በጠርሙስ ይዛለች። ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩን ትመለከታለች። ልጆቹ መምጣታችንን አያውቁም፤ እንደ ወትሯቸው ጀመሩ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ቀጥሎ ራሳቸውም ወዲያና ወዲህ ማለት ሲጀምር፣ «ያዛቸው!» ብዬ ደነገጥኩ፤ ማናለብሽም የጠርሙሱን ውታፍ ነቀለች። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። በልጆቹ አጣጣል፣ በልጆቹ ፍጥነት፣ «ቀደሰ፣ ይቄድስ፣ ይቀድስ!» አሉ። ውስጥ ያሉት ልጆች ክው ብለው ዝም አሉ።

«ግስ ነው!» አሉ መሪጌታ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው። «የምን አስማት አመጣችሁ? እኔ ቅኔ ቤት የገባሁ ጊዜ ግእዙን የያዝኩት እንዲሁ ስወዛወዝ ነው። ይኼ የፈረንጅ ግስ ነው።»

ማናለብሽ ቶሎ የምትረታ ሴት አይደለችም። «እንግዲያው ፍቺው ይነገረን የኔታ» አለች። ዓለምነው በሩን ከፍቶ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ «‹ጎ› ማለት ሂድ ማለት ነው። ‹ኢት› ብላ። ‹ካም› ደግሞ ና» አለ።

«ሂድ፣ ብላ፣ ና? ይህችን ለማለት ነው ሰፈሩን የምታምሱት?» አለችና ራሷም ሳቋ አመለጣት። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም ይልቅ ቀለለኝ። ልጆቹ ቢባረሩ ኖሮ ያባረራቸው የእኔ አፍ መሆኑን አውቅ ነበርና፣ ከደረቴ ላይ ወፍጮ የተነሳልኝ ያህል ነው የተነፈስኩት። ማናለብሽም፣ «በይ እንግዲህ፣ ነገ በጊዜ እንመጣለን» ብላ ጠበሏን እንደያዘች መሪጌታን አስከትላ ሄደች።

ደብሪቱ ግን አልሳቀችም። ዓለምነውን አልፋ ወደ ክፍሉ ገባች፤ ተከተልኳት። ከበሩ ሥር ሁለት ጥቅሎች በገመድ ታስረው ተቀምጠዋል። ቁርበታቸው፣ ድስታቸው፣ የተረፈችው በሷቸው ሁሉ ተጠቅልላለች። ከደብተራቸው በቀር ውጭ የቀረ ዕቃ የለም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

መልሱን የሰጣት ውቤ ነው። «የተባለውን ሰምተናል እማማ። ነገ እንግዶቹ እንዳይቀሩብዎት ዛሬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልንወጣ ነበር።»

«ወዴት?»

ውቤ ወንድሙን አየ። ዓለምነውም ወዴት እንደሆነ አላወቀም።

ደብሪቱ ከጥቅሎቹ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ምን እዋሻችኋለሁ» አለች። «መሪጌታ ምንም ይበሉ ምን፣ ዛሬ ውጡ ልላችሁ ነበር። ሌሊቱን እንዴት አድርጌ እንደምላችሁ ሳጠና ነው ያደርኩት።»

እሷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አንደኛውን ጥቅል ወደ ራሷ ሳበች። ገመዱ ጠብቆ ስለታሰረ በጣቷ እምቢ ቢላት በጥርሷ ያዘችው። ስትፈታው ቁርበቱን አወጣች፣ አራገፈች፣ ከቦታው መልሳ አነጠፈችው።

«ስንት ግስ ይቀራችኋል?» አለች ወደ ሁለተኛው ጥቅል እየዞረች።

«ሰማንያ ያህል» አለ ውቤ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ቀጥሉ እንጂ!» ብላ ሁለተኛውን ገመድ በጥርሷ ነከሰች።