የድንቢጥ ልጆች፦ ከፍሪድሊ እስከ ቡርንስቪል

ንጋት፣ ፍሪድሊ

ናይት ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። እግሬ አብጧል። የማስታምማቸው ሽማግሌ፣ አቶ ሆሮቤትስ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ከዩክሬን ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ዛሬ ቡርንስቪል የምትኖር እህታቸው የልብ ኦፕሬሽን አለባት፤ የሚወስዳቸው ሰው የለም። «እኔ ድራይቭ አደርግልዎታለሁ» ያልኩት ትናንት ነው፤ ትናንት ግን እንዲህ አልደከመኝም ነበር።

ማለዳ፣ ሲዋርድ

እንቅልፍ እንዳይጥለኝ አንዲት ትንሽ ሱቅ በር ላይ አቆምኩ። ሻይ በወተት፣ ትኩስ ሳምቡሳ፤ አንዱ ሁለት ዶላር። ሽማግሌው አልበሉም።

«እህቴ ቤት ረግጬ አላውቅም» አሉኝ። «የአባታችንን ስም ጥላ ስፓሮው ተባለች።»

«የእናንተ ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«ድንቢጥ። እኛ ዘንድ የወፍ ስም ሞልቷል። ሆሉብ ርግብ ነው፤ ቮሮና ቁራ። ሩሲያዎቹም ሶኮሎቭ ሲሉ የጭልፊት ልጅ ማለታቸው ነው። ድሮ መንደርተኛው ሰውን በመልኩ ወይም በአመሉ ቅጽል ያወጣለታል፤ ቅጽሉ ለልጅ ልጅ ይተርፍና የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። የእኛ ቅድመ አያት አጭር ነበሩ ይባላል። አባቴ ግን በዚህ አይስማማም ነበር። ድንቢጥ በረዶ ሲመጣ አገሩን ጥሎ የማይሄድ ወፍ ነው፣ ለዚህ ነው ይል ነበር። እኛ ግን ሄድን።»

የእኔም አያት አሞራው ይባሉ እንደነበር፣ እዚህ አገር በእሳቸው ስም እንደምጠራ ነገርኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ረፋድ፣ ቡርንስቪል

ሰርቲ ፋይቭ ሀይዌይ በመኪና ተጨናንቋል። መስኮቱን ከፍቼ ብርዱን ፊቴ ላይ እየተቀበልኩ ነዳሁ። እህታቸው ወይዘሮ ኦክሳና አፓርታማቸው በር ላይ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ይጠብቁናል። ቀጭን ናቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ወንድምና እህት ሳይሳሳሙ ተሳፈሩ።

ወደ ሆስፒታሉ ግማሽ መንገድ ያህል ሄድን። ከዚያ ወይዘሮዋ ከኋላ ወንበር፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በእንግሊዝኛ ጀመሩ።

«አልጣልኩትም። ወደ እንግሊዝኛ ተረጎምኩት። ሥራ ፍለጋ ስዞር ስሜን አንብቦ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ወፉ ያው ወፍ ነው።»

«አባባን ስፓሮው ብሎ የጠራው የለም።»

«አባባ እዚህ ሥራ አልፈለገም።»



ቀትር፣ ሆስፒታል

ነርሷ አልጋውን መግፋት ስትጀምር ወይዘሮ ኦክሳና የወንድማቸውን እጅጌ ያዙ።

«ሐኪሞቹ ሲጨርሱ ወጥተው የሚጣሩት በዚያ ስም ነው። ዝም ካልክ ማንም ምንም አይነግርህም።»

በሩ ተዘጋ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ወንበሩ ጠንካራ፣ ቡናው ውሃ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። አንገቴ እየወደቀ እነቃለሁ። አቶ ሆሮቤትስ ግን ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። አንድ ጊዜ «ልጅ ሆና ጨለማ ትፈራ ነበር» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሐኪም ኮፍያውን እያወለቀ ብቅ አለ።

«የስፓሮው ቤተሰብ?»

ሐኪሙ ክፍሉን ቃኝቶ ደገመ። እኔ ልነሳላቸው ስል ሽማግሌው ትከሻዬን ጫን አድርገው መልሰው አስቀመጡኝና በእኔው ተደግፈው ቆሙ።

«ሚስተር ስፓሮው?» አላቸው ሐኪሙ።

«አዎ» አሉ። «ወንድሟ ነኝ።»

በደህና አልቋል፤ ስትነቃ ማየት ይችላሉ አላቸው። ሽማግሌው ካፖርታቸውን እኔ ላይ ጥለው ተከትለውት ገቡ። እኔ ካፖርቱን አቅፌ መኪናዬ ድረስ ሄድኩ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅኩና፣ ካፖርቱን ለብሼው ተኛሁ።