የቅሬያችን ኤክሴልና የጋሽ ሰይድ ልጅ

«ኮፒ አለኝ ስትል አልነበር?» አትበሉኝ፣ ኮፒውማ አለ!

አንዴ ስጫነው የቅሬያችንን፣ የእድራችንን ማለቴ ነው፣ የኤክሴል መዝገብ ሲኤስቪ በሚባል ፋይል ኮፒ የሚያደርግ ማክሮ፣ ትንሽ ፕሮግራም፣ የሰራሁት እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ! ቆቦ ላይ ሌላ ማን ይችላል?

ዛሬ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን ኮፒ ስከፍተው የአባላት ስም ብቻ። ለካ ሲኤስቪ የሚይዘው አንዱን ገጽ ነው፤ የቤተሰብ ስልክ ያለበት ሁለተኛው ገጽ የለም።

ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሽ ሰይድ ጠዋት አርፈዋል። አንድያ ልጃቸው መሐመድ ወልዲያ ነው፣ ፌስቡክ አያይም። ቀብሩ አስር ሰዓት ነው።

የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢያችን፣ «ስልኩ ሁሉ የተጻፈበትን የድሮውን ደብተር አትጣል ብዬህ ነበር፣ አንተ ጉረኛ!» አሉኝ።  ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

መሐመድን የምታውቁ ደውሉለት። «አባትህን አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» ብቻ በሉት፤ መርዶውን እዚህ ሲደርስ ሽማግሌ ይነግረዋል።

ማን ደወለለት? አሁኑኑ ጻፉልኝ!