በመብረቅ ፊት የተማማልንበት ቀን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ትልቋ ልጄ ከማይንስ ከተማ የመብረቅ ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። ከሰገነቷ ላይ ሆና ነው ያነሳችው፤ የጠቆረ ሰማይ ላይ ነጭ ሥር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። «ክራስ፣ ፓፓ» ይላል ከሥሩ። ልጆቼ ሲገርማቸው በጀርመንኛ ነው የሚገርማቸው። እኔም «ጎበዝ» ብዬ መለስኩላት። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚፈልግ ሰው ሰገነት ላይ አይቆምም ነበር፤ መኪና ተሳፍሮ ደመናው ሥር ድረስ ይሄድ ነበር። እኔ ሄጃለሁ። በዚያ ጉዞ ምክንያት እሷ ራሷ ሳትወለድ ልትቀር እንደነበር ግን አልጻፍኩላትም።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር በሚቆመው ፍሎህማርክት አሮጌ ካሜራ እሸጥ ነበር። ፍሎህማርክት ማለት የእነሱ ምናለሽ ተራ ነው፤ ልዩነቱ ጀርመኖቹ የአያታቸውን ዕቃ ሲሸጡ አለማፈራቸው ነው። እኔ የተማርኩት መርካቶ ነው፤ ትምህርት ቤት ማለቴ አይደለም፣ ገበያው ውስጥ። ስለ ፎቶ አንድም ነገር አላውቅም ነበር። ካሜራ ከሆነ ግን ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሬ፣ መዝጊያውን ጆሮዬ ሥር ጠቅ አድርጌ ስንት እንደሚያወጣ እናገር ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ ኡዌ የሚባል ጢማም ሰው ነው። በጋ ላይ ነጎድጓድ ሲነሳ ሰዎችን በአሮጌ ሚኒባስ ጭኖ ወደ ማዕበሉ ይወስዳል፤ እነሱም ከፍለው፣ ካሜራቸውን ይዘው ይከተሉታል። እኛ አገር ነጎድጓድ ሲመጣ ሰው በር ዘግቶ ይቀመጣል፤ እዚህ ከፍሎ ያሳድደዋል። መጀመሪያ ገረመኝ፣ በኋላ ግን ቀናሁበት። ዕቃው ከሰማይ በነፃ ይወርዳል፣ የመጋዘን ኪራይ የለበትም። አንድ ቀን ጥሩ ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ወሰደና በለውጡ ሚኒባሱ ላይ ሁለት ቦታ ሰጠኝ።

ሁለተኛው ቦታ የጋሽ ሸምሱ ሆነ። ጋሽ ሸምሱ የሐያት አባት ናቸው፤ ሐያት ደግሞ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ነበረች። ዚንድሊንገን የሚባል ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ። የገበያ ሰው እምብዛም አይጥማቸውም። ሽማግሌ ልልክ መሆኑን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከልጁ ጋር አንድ ቀን መንገድ ልውጣ አሉ። እንዲህ ነው ልማዳቸው፤ ሰውየው እንዴት እንደሚበላ፣ ሲደክመው ምን እንደሚናገር፣ ሶላት ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አብረው ተጉዘው ያያሉ። እኔ በባቡር ኮሎኝ ደርሰን መመለስ ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን መብረቅ የሚያሳድድ ጀርመን እንዳለ ሲሰሙ «እሱኑ ልየው» አሉ።

ከቤት ስንወጣ ሐያት በፌስታል ሳምቡሳ አቀበለችኝና ደረጃው ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የአባዬን ልብ ታውቃለህ። መድኃኒት ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንደወሰድከው መልሰው። አንድ ነገር ሆኖ ከተመለሰ ሽማግሌ እንዳትልክ፤ እሱ እሺ ቢል እንኳ እኔ አልልም።»

ሰኔ ነበር፤ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚከብድበት ቀን። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ታውኑስ ኮረብታ ስንታጠፍ መንገድ ዳር እንጆሪ የሚሸጡት ሴቶች ዳሳቸውን ማፍረስ ጀምረዋል። ገበያተኛ ዕቃውን ሲሰበስብ ወደዚያው መሄድ ለእኔ ጥሩ ምልክት አልነበረም። ሚኒባሱ ውስጥ ከኡዌ ሌላ አንድ ጥርስ ሐኪምና ሚስቱ አሉ። ጋሽ ሸምሱ ሳምቡሳውን አዞሩ። ሐኪሙ አንድ በላና አመሰገነ፤ ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቢያዩት ሁለተኛ በላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጃኬቴን ተመለከቱ።

«ቀይ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«መብረቅ ሊያይ የሚሄድ ሰው ቀይ ለብሶ ይመጣል? አውልቀው።»

አወለቅኩ። የኡዌ ኮፍያም ቀይ ነበር፤ እሱን ግን የሚያወልቅለት ሽማግሌ አልነበረውም።

ኡዌ ከስንዴ ማሳ አጠገብ መኪናውን አቆመና ሕጉን ነገረን። ፉጨት ስትሰሙ ካሜራውን፣ መቆሚያውን፣ ሁሉንም ባለበት ጥላችሁ ግቡ። በሩ ከተዘጋ መኪናው ውስጥ ምንም አትሆኑም። ውጭ የቀረ ሰው ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ለጋሽ ሸምሱ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደመናው ከምዕራብ በኩል መጣ። እንደ ግድግዳ ነው፤ ሥሩ ተቆርጦ የተስተካከለ ይመስላል፣ ከዚያ በታች ያለው ሰማይ እንደ ቆየ ቁስል አረንጓዴ ሆኗል። ካሜራዎቹን ተክለን፣ መዝጊያውን ከፍተን እየጠበቅን ቆምን። መብረቅ ፎቶ የሚነሳው እንዲህ ነው፤ ከፍተህ ትጠብቃለህ፣ እሱ ሲፈልግ ይመጣል። አንዱ ከሩቅ ኮረብታው ላይ ወረደ፤ የሐኪሙ ሚስት ሳቀች። ሁለተኛው ቀረብ አለ። እኔ ካሜራውን ትቼ ጋሽ ሸምሱን ነበር የማየው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ልባቸውን ይዘው ይሁን ካፖርታቸውን፣ አላውቅም።

ከዚያ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ቆመ። ስንዴው ቀጥ አለ። ከብረት መቆሚያዬ እንደ ንብ ያለ ድምፅ መጣ፤ የክንዴ ፀጉር ተነሳ። ኡዌ አፏጨ።

ሐኪሙና ሚስቱ ሮጠው ገቡ። ኡዌ መሪው ላይ ነው። እኔና ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ደረስን።

«ይግቡ ጋሼ።»

«ግባ አንተ።»

«ኧረ እንዴት ብዬ ቀድሜዎት እገባለሁ?»

«ገና ልጅ ነህ፣ ያላየኸው ብዙ ነው። ግባ።»

«አደራ አለብኝ፣ ይግቡልኝ።»

«ወላሂ ካንተ በፊት አልገባም።»

አፌ ቀደመኝ። «ወላሂ እኔም ካንቱ በፊት አልገባም» አልኩ።

አበቃ። ሁለታችንም ምለናል። ኡዌ «ራይን፣ ራይን» እያለ ይጮኻል፤ ግቡ ነው። ሐኪሙ ሰማዩን ትቶ እኛን ያያል። የጋሽ ሸምሱ ነጭ ጢም፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ። ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። መርካቶ ጆንያ የምንጭነው በአንድ እጅ ከወገብ፣ በሌላው ከትከሻ ነው። እንደዚያው አንስቼ ወደ ውስጥ ወረወርኳቸውና ላያቸው ላይ ወደቅኩ። በሩን ማን እንደዘጋው አላውቅም። ዓለም ነጭ ሆነች፤ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በጥርስ ነው የገባው። ቀና ብዬ ሳይ መቆሚያዬ የነበረበት ቦታ ይጨሳል። ካሜራዬ አልነበረም።

ጋሽ ሸምሱ ወለሉ ላይ ናቸው፤ ኮፍያቸው ከሐኪሙ ጫማ ሥር ገብቷል። ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። አለ። አንስቼ አስቀመጥኳቸው፤ አላዩኝም።

መንገድ ላይ ኡዌ «ምን እየተደራደራችሁ ነበር?» አለኝ።

«ማን ቀድሞ እንደሚገባ።»

ማርሽ ለወጠ፤ ሁለት መንደር አለፍን። «በሩ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃል» አለ በመጨረሻ። ይህ ለሁለታችንም አልታየንም ነበር።

ጋሽ ሸምሱ እስከ ዚንድሊንገን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተጓዙ። በሰው ፊት እንደ ዕቃ ወደወረወርኳቸው ሰው ልጅዎን ስጡኝ ብዬ ሽማግሌ ልልክ ነው፤ ሒሳቡን በየአቅጣጫው ሠራሁት፣ ከየትም ብጀምር ኪሳራ ነው። ሐያት መስኮት ላይ ነበረች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ልብሳቸውን አራገፉ።

«መሐላዬን አስፈርሰኸኛል» አሉኝ።

«ያውቃሉ ጋሼ፣ ግድ ሆኖብኝ…»

«መሐላ የፈረሰበት ሰው ዐሥር ምስኪን ያበላል። ለመጪው እሑድ ከስደተኞች መጠለያ ሰው እጠራለሁ። አንተም ትመጣለህ።»

መጣሁ። ወለል ላይ በተዘረጋው የምግብ ጨርቅ፣ በሰፍራው ዙሪያ ከሶማሌውም ከቦስኒያውም ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ፣ በምስኪንነቴ ሩዝ በሥጋ በላሁ። ሐያት ሳህን ስታቀብለኝ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ከወር በኋላ ሽማግሌ ላክኩ፤ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ሚስቴን በምጽዋት ነው ያገኘኋት እያልኩ በየሠርጉ ስቀልድ ኖሬአለሁ። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ከዐሥር ምስኪን አንዱ ተደርጌ መቆጠሬን ግን አልረሳሁም።

ጋሽ ሸምሱ አሁን ዞሰንሃይም እኛው ቤት ናቸው፤ በጣም አርጅተዋል። እሑድ የልጄን ፎቶ ሳሳያቸው ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ብዙ አዩት።

«ከምስኪኖቹ መሃል የቆጠሩኝን ጊዜ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው፣ ለጨዋታ።

«ማን ቆጠረህ?» አሉ። «ምስኪኖቹ ያላንተ ዐሥር ነበሩ። ነጋዴ ነኝ ትል የለም እንዴ?»

ዕድሜ ልኬን ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ የዚያን ቀን ሰፍራው ዙሪያ ያሉትን አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ ከሳህን አቅራቢዋ ላይ አልተነሳም ነበር።

«ታዲያ እንግዳ ከሆንኩ ለምን ከእነሱ ጋር አስቀመጡኝ?»

«ሌላ ቦታ የት ነበረን» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

እሳቸውን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ አጠገባቸው ብዙ ቆየሁ። በሰው ዕቃ ላይ ተሳስቼ አላውቅም፤ የራሴን ዋጋ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ዝቅ አድርጌ ይዤ ኖሬአለሁ፣ ገዢዬ ጋሽ ሸምሱ ሙሉውን ከፍለው ከወሰዱኝ በኋላ እንኳ።