ወባ ደጋ የወጣበት ዘመን

ጭሮ ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ሰው ሁሉ ከተማዋን ገና አሰበ ተፈሪ እያለ በሚጠራበት ጊዜ። ሙያዬ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ ጋውን እንኳ ሳልለብስ ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጡኝ። መስተዋቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ፣ ስላይዱ ላይ ጠብታ ዘይት ጣል አደረጉና «እስቲ እይ» አሉኝ።

በትምህርት ቤት ያየሁት ሥዕልና የደበዘዘ ስላይድ ነበር። ይህኛው ግን ያን ዕለት ጠዋት ከቆላው ከቦርደዴ የመጣ ሰው ደም ነው። በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ እንደ ፈርጥ የተቀመጠች ቀይ ነጥብ። ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። እንዲህ ያማረ ነገር ሰው ይገድላል ብሎ ማን ያምናል? ሰውየው ከግድግዳው ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝቶ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

«ይኸው ነው ወባ ማለት» አሉ አቶ ግርማ። «በል አሁን ሂድና ጋውንህን ልበስ።»

ደም አወሳሰዱን፣ ወፍራሙንና ስሱን የደም ቅብ፣ ተባዩን አጉልቶ የሚያሳየውን የጊምሳ ቀለም አበጣበጡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ደንብ ደግሞ ነበራቸው። «በሽተኛው ከቆላ ከመጣ ወባ ፈልግ። ከደጋ ከመጣ ግን መጀመሪያ ቆላ ወርዶ አድሮ እንደሆነ ጠይቀው።» ደንቡ ትክክል ነበር። ከመሰላ በላይ ባሉት የዳገት መንደሮች ብርዱ ራሱ አጥር ነበር፤ ትንኟ አትሻገረውም። አቶ ግርማ ጡረታ ወጥተው የላቦራቶሪው ኃላፊ ከሆንኩ በኋላም በዚሁ ደንብ ለዓመታት ሠራሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ዘይነባ የምትባል ነፍሰ ጡር ራሷን ስታ መጣች። የመንደሯ ወንዶች ከተራራው እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወርደዋል። ከዚያ ጫት የጫነ አይሱዙ አገኙ። እነዚያ መኪኖች ለማንም አይቆሙም፤ ሾፌሩ ግን ቆሞ ረዳቱን ከጫቱ ላይ ሰቅሎ እሷን ጋቢና አስገባት።

የውስጥ ደዌ ሐኪማችን ዶክተር ሰናይት ማጅራት ገትር ነው ብላ ጠርጥራለች። ሆኖም ደሟን ስትልክልኝ «ወባም እይልኝ» አለች።

«ዶክተር፣ ሴትዮዋ እኮ ከደጋ ናት።»

«ቢሆንም እይልኝ።»

አየሁ። ቀለበቱ ሞልቶታል። ስላይድ የተምታታብኝ መሰለኝና ራሴ አልጋዋ ድረስ ሄጄ ጣቷን ወግቼ እንደገና ቀባሁ። ያው ነው። ራስጌዋ የቆሙትን አማቷን ሼህ ዑመርን ጠየቅኋቸው።

«ሼህ፣ ሰሞኑን ቆላ ወርዳ ነበር?»

«ወላሂ፣ ልጄን ካገባች ወዲህ ከመንደራችን ስትወጣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው» አሉኝ። «እሱንም ሳታውቀው።»

የወባው መድኃኒት ኩዊኒን በግሉኮስ ተሰጣት። ጽንሱ አልተረፈም። እሷ ግን ለቀናት እንደ በድን ተኝታ ከቆየች በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ዓይኗን ገልጣ «ቢሻን» አለች፤ ውኃ ማለቷ ነው። ሼህ ዑመር «አልሀምዱሊላህ» እያሉ ይስቃሉ፣ ዕንባቸው ግን ጺማቸው ላይ ይወርዳል። ራስጌዋ ያለውን ብርጭቆ ውኃ ሞልቼ አቀበልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ከዚያው ተራራ ሌሎችም መጡ። እኔና ዶክተር ሰናይት ለማየት ወጣን። መኪናው የሚችለውን ያህል አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ተያያዝነው። መንደሩ ጫፍ ላይ ምንጩ በድርቅ ስለነጠፈ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ውስጡ ላስቲክ ተነጥፎበታል። ረጅም እጀታ ያለውን ነጭ ጭልፋዬን ነከርኩና አወጣሁ።

እጮቹ ከውኃው ወለል ጋር ተጋድመው ተንሳፍፈዋል። የሌላ ትንኝ እጭ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ እንዲህ የሚጋደመው የወባዋ ነው። ቦርደዴ አካባቢ ስንት ጊዜ ቀድቼዋለሁ! እዚህ ግን ከእግሬ በታች ደመና ይታየኛል። ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከነፍሳት ሁሉ ደካማዋ፣ እፍ ቢሏት የምትወድቀው፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታለች።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ገብሱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው» አሉ ሼህ ዑመር። «አሁን ውርጭ ምን እንደሆነ የልጅ ልጆቼ አያውቁም። ብርዱ ጥሎን ሄደ፤ በቦታው ቡሳ መጣ።» ቡሳ በኦሮምኛ ወባ ነው።

 ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር ሰናይት ባለሙያዎቹን ሰበሰበችና የአካባቢው ምክር ቤት ሄደን ያየነውን እንናገር አለች። አንድ ነርስ «ይኼ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይሆንብንም ወይ?» ሲል ጠየቀ።

«ነው እንጂ» አለችው። «የፀረ ወባ ርጭቱ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ማን ነው? ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር፣ የተራራው ደን እንዳይቆረጥ የሚያዝዘውስ? እኛ አይደለንም። የሚወስኑት ሰዎች ደግሞ እኛ ያየነውን አላዩም።»

«ታዲያ እናሳያቸው» አልኩ።

ማይክሮስኮፑን ጭኔ ላይ አቅፌ በባጃጅ ወሰድኩት። ዘይነባና ሼህ ዑመርም ተጠርተው መጥተዋል። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ በመጀመሪያ በትዕግሥት አዳመጡን። ስለ ጉድጓዱ ስናነሣ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«በድርቅ የተጠማ ሕዝብ ነው ያጠጣነው። ድፈኑት ነው የምትሉን?»

«አይደፈን» አለች ዶክተር ሰናይት። «ይከደን። ሲቆፈርም የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። የደጋው ቀበሌ ከዝናቡ በፊት አጎበርና ርጭት ያግኝ። የተራራው ደን ይጠበቅ፤ ብርዱን የሚያቆየው እሱ ነው። ደግሞም አየሩን ያሞቀው ጭስ ከመሰላ አልተነሣም፤ ከሩቅ አገር ፋብሪካ ነው የመጣው። የበላይ አካል ይህን በዓለም መድረክ እንዲናገርልን እናንተ ጠይቁልን።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። መስተዋቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ የዘይነባን ስላይድ አስገባሁ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው አዩ። ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ። አባላቱ ከወንበራቸው ተነሥተው ተሰለፉ። ሽማግሌ አባላት ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መገረም አልረሳውም።

«የእርሷ ደም ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«አዎ፣ የእርሷ ነው።»

ዘይነባ ሳትጠየቅ ተነሣች። በኦሮምኛ እንዲህ አለች፦ «እናንተ ያያችሁትን እኔ አላየሁትም። እኔ የማውቀው ልጄ መቅረቱን ነው። ውኃውን አትውሰዱብን። ግን የሚያጠጣን ነገር አይግደለን።»

 መናገር የምንችለው እኛ የተማርነው ነበርን፤ ያን ቀን ግን አዳራሹን የያዘችው እሷ ናት።

የደጋው ቀበሌዎች ርጭትና አጎበር እንዲያገኙ ተወሰነ፤ ዝናቡ ሳይገባም ደረሰ። ጉድጓዶቹን የመክደኑ ሥራ ግን ዘገየ፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። የደኑ ጉዳይ በደብዳቤ ወደ ላይ ተላከ፤ መልሱ ሳይመጣ ብዙ ዛፍ ወደቀ። ዶክተር ሰናይት አዲስ አበባ በተደረገ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ስለ ዘይነባ ተናገረች። ቃሏ ከዚያ አልፎ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከዚያ ተራራ የሚመጡት በሽተኞች ቀነሱ እንጂ አልቆሙም፤ እኛም ምክር ቤቱ ዘንድ መመላለሳችንን አላቆምንም።

ጡረታ ስወጣ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ምን ትመክረናለህ አሉኝ። የምለው አጭር ነው። የበሽታው መነሻ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ከሆነ ውጤቱን ለሐኪም ብቻ ሰጥቶ መቀመጥ የሥራውን ግማሽ መተው ነው። ለሚወስነው ሰው ሄዳችሁ ንገሩት። ካልሰማ ደግማችሁ ሂዱ።