ከደሴቲቱ የመጣ አማርኛ

ልጄ ለአባቷ የጡረታ ስጦታ ብላ የካሪቢያን ጉዞ የገዛችለት ቀን እኔ ደስ አላለኝም። ሴንት ሉሺያ ስትለኝ መጀመሪያ የመሰለኝ እዚህ ስዊድን በዲሴምበር ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ሻማ ራሳቸው ላይ ደፍተው የሚዘምሩበት በዓል ነበር። «እሱንማ እዚሁ ሰፈራችን ኖርስቦሪ እናየው የለም እንዴ?» አልኳት። ካርታ አውጥታ አሳየችኝ። ጣቴ የሚሸፍናት ደሴት ናት፤ ዙሪያዋን ውሃ ብቻ።

«አንቺም ነይ» አለችኝ በስዊድንኛ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በስዊድንኛ ነው።

«በአራቱም በኩል ውሃ የከበበው ቦታ አልሄድም» አልኩ። ስቶክሆልም ራሷ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ መሆኗን አባቷ ሊያስታውሰኝ ሲሞክር ገላመጥኩት።

የፈራሁት ለእሱ ነው። ባሌ ዋና አይችልም። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ አልቋል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ሰው «ግባ» ካለው እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ ይሉኝታው ገደል ይከተዋል። ስለዚህ ልጄን አስቀምጬ አስማልኳት፦ ከአጠገቡ እንዳትጠፊ፣ በየቀኑም ጻፊልኝ። «ግን በአማርኛ። የገዛ ልጄን መልእክት እንደ ማዘጋጃ ቤት ወረቀት በስዊድንኛ ማንበብ ሰልችቶኛል።» በረጅሙ ተነፈሰች፤ ግን እዚያው ስልኳ ላይ የአማርኛ ፊደል ጫነች።

የመጀመሪያው መልእክት «ደና ገባን። ሙቅ ነው» ይላል። ቀጥሎ «አባዬ ጭቃ ገባ» የሚል መጣ። ልቤ ድንግጥ አለ። ከሥሩ ያለውን ፎቶ ስከፍት ባሌ ከእሳተ ገሞራው ሥር በሚፈልቀው ፍልውሃ አጠገብ፣ ቱሪስት ሁሉ የሚቀባውን ግራጫ ጭቃ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለቅልቆ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል። ለጉልበት መድኃኒት ነው ብለውት ነው። አዲስ አበባ ሳለን ከቤታችን በእግር የሚደረስበትን ፍልውሃ አንድ ቀን ረግጦት የማያውቅ ሰው!

በማግስቱ «አባዬ ዛሬ ገመድ ላይ ተሰቀለ» ብላ ጻፈች። ፎቶው ባይኖር እዚያው ነበር የምወድቀው። የራስ ቁር ደፍቶ፣ ከጫካው ዛፎች በላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን ሆዴ ድረስ አልወረደም። ነገ ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው እያልኩ ከፎቶው ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሰው ሁሉ የሚወጣውን ሾጣጣ ተራራ ለጉልበቱ ሲሉ መተዋቸውን ስሰማ፣ ተመስገን፣ ክፉው አለፈ ብዬ ነበር።

ሦስተኛው መልእክት ሥራ ላይ አገኘኝ። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አልጋ እያነጠፍኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።

«አባዬ ሰመጠ። እኔ ወጣሁ።»

ፎቶ የለውም። ፎቶውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ለእሱ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደጋግሜ ደወልኩ። ከአጠገቡ እንዳትጠፊ ብዬ አስምዬ፣ እኔ ወጣሁ ትለኛለች! አንሶላውን እንደታቀፍኩ የበሽተኛው አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ።

አብራኝ የምትሠራው ስዊድናዊት ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ባሌ ሰመጠ የሚለው ነገር በስዊድንኛ ከአፌ ሲወጣ ጭራሽ እውነት መሰለኝ። መልእክቱን ቃል በቃል እንድነግራት ለመነችኝ፤ ነገርኳት። አሰብ አደረገችና «ምናልባት ‹ዲዩካ› ልትል ፈልጋ ይሆን?» አለች። አየር በጀርባ ተሸክሞ፣ ባሕር ውስጥ ወርዶ ዓሣ ማየት ማለቷ ነው። «በእናንተ ቋንቋ እሱን ምን ትሉታላችሁ?»

ቃሉን ፈለግኩት፤ አጣሁት። መዋኘት አውቃለሁ፣ መንቦጫረቅ አውቃለሁ፣ መስመጥ አውቃለሁ። ውሃ ውስጥ ገብቶ በደህና ስለሚወጣ ሰው ቤታችን ውስጥ አውርተን አናውቅም። ለልጄ ስለ ውሃ ያስተማርኳት አማርኛ «ትሰምጫለሽ!» ብቻ ነው፤ በየበጋው፣ በየሐይቁ ዳር፣ እየጮህኩ።

ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። አላጽናናኝም። ዋና የማይችል ሰው ባሕር ሥር ወረደ ማለትስ ከመስመጥ በምን ይሻላል? እመቤቴን ለመንኳት፣ ስለት ተሳልኩ። ልጄን ረገምኳት፤ ወዲያው ደግሞ ብቻዋን ባሕር ዳር ቆማ ስታለቅስ ታየችኝና አፌን በእጄ ያዝኩ። ለባሌ መጨረሻ የነገርኩት ምን ነበር? «ኮፍያህን አትርሳ።» ይኸው ነው፤ ሌላ አላልኩትም።

ስልኩ የጮኸው የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው።

«አባትሽ የት ነው?» አልኳት ልጄን፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳላስጨርሳት።

«እዚህ ነው። ባትሪዬ አልቆ ነው፣ የእሱም ስልክ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ምን ሆነሽ ነው?» አለች በስዊድንኛ።

«ሰመጠ አላልሽኝም እንዴ?»

ከጀርባዋ የጀልባ ሞተር ተሰማኝ፣ ከዚያ የባሌ ድምፅ። «ሰመጠ ብለሽ ነው የጻፍሽላት? ወይ ጉድ! ጠለቀ ነው እንጂ የሚባለው፣ ጠለቀ!» ይስቃል። እኔ እዚህ ሐዘን ተቀምጬ እሱ ቃል ያርማል።

«አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔር ይይልህ! ምን ልታደርግ ገባህ?»

«አሠልጣኙ ግባ ሲለኝ አፈርኩ። እጄን አለቀቀኝም እኮ። እሷ ጆሮዋን አሟት ቀድማ ወጣች። ግን ዓሣው! ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አጠገቤ መጥቶ ዓይኔን ያየኛል!» እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነበር።

ልጄ ስልኩን ተቀበለችው። «ይቅርታ እማዬ። ከአሁን በኋላ በስዊድንኛ እጽፍልሻለሁ» አለች፤ እሱንም በስዊድንኛ።

እሺ ልላት ነበር። እሺ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ድምፅዋ ቀለል ሲል ሰማሁት፤ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው። ያ ደግሞ በሌላ በኩል አስደነገጠኝ፤ ያወረደችው አማርኛውን ነዋ።

«አይሆንም» አልኩ። «ዛሬ አባትሽን ገደልሽው፤ ነገ እኔን ግደይኝ። ብቻ በአማርኛ ጻፊልኝ።»

ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«እሺ እማዬ። ነገ... እኔና አባዬ... አብረን እንጠልቃለን።»

አንድም ስህተት የለውም። እዚያው ቆሜ ለሁለቱም እንደገና ስለት ተሳልኩ።