በረሮ የጨረሰው ዜማ

ፈጠነ በረሮ ሲያይ ገላው ሁሉ ይሰቀጥጠዋል። ከአገሩ ርቆ በሶማሌዎች ከተማ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር በተከራያት ክፍል መብራት ሲያበራ ቀድመው የሚታዩት፣ ከዘይቱ ጠርሙስ ሥር ጢማቸውን እያወዛወዙ የሚተራመሱት ናቸው። ረግጦ መግደል እንኳ አይሆንለትም፤ ከጫማው ሥር የሚንኮሻኮሸው ነገር እራቱን ያስጠላዋል። እንግዲህ አንድ ጠዋት ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ መንዛሪዎቹ ሽልንጉን እንደ ጡብ ከሚደረድሩበት ጥግ ሲያልፍ፣ በገዛ መዝሙሩ የበረሮ መርዝ ሲሸጥ የሰማው ይኸው ሰው ነው።

ዜማው እዚያ እንዴት እንደደረሰ ለመረዳት ፈጠነ መዝሙር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበጃል፤ ማወቁ ራሱም ደስ ይላል። መዝሙር ስንሰማ የምናውቀው ዘማሪውን ነው። ከእሱ በፊት ግን ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውንም ያገኘ ሰው አለ። ፈጠነ ሆሳዕና ከተማ ላሉት የአጥቢያው መዘምራን ሁለቱንም ይሠራል። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ብሎኬት ማምረቻ ከተቀጠረ ወዲህም አልተወውም፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው። የብሎኬቱ ማሽን ሲንቀጠቀጥ የሚያወጣው ጉርምርምታ ከአንድ ድምፅ ንቅንቅ አይልም። ፈጠነ ያንን ድምፅ እንደ መሬት ይረግጠውና ከላዩ ላይ ዜማውን ያነሳል። ስለዚህ መዝሙሮቹ በሙሉ የሚነሱት ከማሽኑ ድምፅ ነው፤ ሆሳዕና ያሉት መዘምራን ይህን አያውቁም።

ቃሉን ግን አያወጣም። በዚህ የሙስሊም ከተማ የመዝሙር ቃል ሥራ ቦታ ላይ አይዘመርም፤ ማንም አልነገረውም፣ መነገርም አላስፈለገውም። ቃሉን በሆዱ ይዞ ዜማውን በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ጣጣው የመጣውም ከዚህ ነው። ቃል ያልለበሰ ዜማ ያገኘ ሁሉ የራሱን ልብስ ያለብሰዋል። የሶማሌ ዘፈንም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ፣ የፈጠነ ዜማ ለሰፈሩ ጆሮ እንግዳ አልነበረም።

ያ መዝሙር ደግሞ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። አጥቢያው የሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን በመጪው እሑድ ይመረቃል፤ የመዘምራኑ መሪ ጋሼ ላምቤቦ በየቀኑ «ደረሰ ወይ?» እያሉ ይደውላሉ። ግጥሙ ስለ ዕረፍት ነው፤ «ጎኔን ያሳረፍከው» ይላል። ዜማው ግን አላርፍ አለ። መዝጊያው ላይ ሲደርስ እላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፈጠነ ለወራት ቢያወጣ ቢያወርድ የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

ገበያው ውስጥ፣ እጅ ጋሪ ላይ ከታሰረው ድምፅ ማጉያ፣ አንዲት ሴት በሶማሌኛ ትዘፍናለች። በረሮው ከስንጥቁ ወጣ፣ በላ፣ ዞረበት፣ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ሴትዮዋ «ሞተ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደገመችው፤ ዜማውም ታች ወርዶ ቁጭ አለ።

ለወራት የፈለገው መዝጊያ እሱ ነበር። አፉ ውስጥ የሞላውን ምራቅ ተፋና ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ።

ጋሪው የቆመው ሀይቤ ሱቅ በር ላይ ነው። ሀይቤ ድሬዳዋ ያደገ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ አማርኛውም እንደ ድሬ ልጅ ነው።

«አቦ ፈጠነ፣ እንኳን መጣህ። ሰማኸው?»

«ይሄ ዜማ የማን ነው ጋሽ ሀይቤ?»

«ያንተ ነዋ። ብሎኬት ላስጭን መጥቼ ስታንጎራጉር በስልኬ ቀዳሁህ። ለአሸዋ ከሚባክን ለበረሮ ይሁን ብዬ።»

«አይጠየቅም?»

«ወላሂ የሥራ እንጉርጉሮ መስሎኝ። አካፋ ባለቤት አለው፣ እንጉርጉሮ ምን ባለቤት አለው?» አንድ ጣሳ አነሳ። «እንካ በነፃ። ክፍልህ ያሉትን ጠራርጎ ይጨርስልሃል።»

ጣሳው ላይ በጀርባው የተገለበጠ በረሮ ተስሏል። ፈጠነ ፊቱን አዞረ።

«መዝሙር ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የሀይቤ ፈገግታ ከሰመ። «አስተግፊሩላህ። በጁምዓ ስንት ጊዜ አስጮኽኩት» አለና እሱም በተራው ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ። «ናስተሆ፣ አጥፊው።»

የእህቱ ልጅ ናስተሆ ከሱቁ ጓዳ ብቅ አለች። የዘፈነችው እሷ ናት።

«ለምን?»

«የነሱ መዝሙር ነው።»

«ቃሉ የኔ ነው አጎቴ። ከበረሮ በቀር ምን አለበት?»

ማጉያው ጠፋ። ፈጠነ ግን አልሄደም። «መጨረሻውን ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ያንተ መጨረሻ የለውማ፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በረሮ አይተህ አታውቅም? ይገለበጣል፣ አንዴ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ጭጭ። እሱን ነው ያስገባሁት።»

ፈጠነ ዓይኑን ጨፈነ። «ብወስደውስ?»

«ውሰደው። ስሜን ግን እንዳታነሳ።»

«የበረሮውን ስም ቢያነሳ ይሻለዋል» አለ ሀይቤ።

ማምረቻው ሲደርስ ከማሽኑ አጠገብ ሌላ መዝጊያ ሞከረ። አንዱ ተንጠለጠለ፣ ሌላው ተንገዳገደ። የናስተሆ ብቻ አረፈ፤ ባረፈ ቁጥር ግን ስድስት የሚንፈራገጡ እግሮች ይታዩታል። ከማን እንደመጣ አላስጨነቀውም። ያንገሸገሸው የበረሮ ጣር ይዞ እግዚአብሔር ቤት መግባቱ ነው። ያላረፈ ዜማ ይዞ ስለ ዕረፍት ማዘመር ደግሞ ውሸት ሆነበት።

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቃሉን ከነዜማው ስልኩ ላይ ቀዳና ላከ።

ጋሼ ላምቤቦ ወዲያው ደወሉ። «ፈጠነ፣ ይሄን መዝጊያ መንፈስ ነው የሰጠህ።»

«ከሰው ነው ያገኘሁት ጋሼ። የሁለት ሰው ዜማ ነው በሉልኝ፤ የአንዷ ስም አይነገርም።»

«ትሑት ናት?»

«እንደዚያም አይደለች» አለ ፈጠነ።

እሑድ ማታ የምረቃው ቅጂ ደረሰው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከፈተው። መዘምራኑ በአራት ድምፅ ተከፍለው ያንን ወራት ያለቁበትን ዜማ ተሸክመው ወጡ፤ ማሽኑን በማያውቁ አፎች ሲሰማው እንደዚያ ያምራል ብሎ አላሰበም ነበር። መዝጊያው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ወረዱ፤ አንዴ ደገሙት፤ ቁጭ አለ። ከምእመናኑ መሃል አንድ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ።

ፈጠነ ፊቱን አኮማተረ፤ ሁለት እግሮቹንም ከወለሉ ላይ አነሳ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው።